ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ይነሳል

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ያሉት አበው ስልክ አልነበራቸውም። እኛ የግሪኳን ደሴት ሳንቶሪኒን ሳንረግጣት ናፍቀናታል። ነጩን ግድግዳ፣ ሰማያዊውን ጉልላት፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠውን መዋኛ ገንዳ፣ በነፋስ የሚውለበለበውን ቀይ ቀሚስ እንደ ሰፈራችን ኪዮስክ እናውቃቸዋለን። ታዲያ የሚያውቁትን ለማየት ይህን ያህል መንገድ ምን አስኬደ የሚል ሰው ካለ፣ ጥያቄው ራሱ ከዘመኑ ወደ ኋላ መቅረቱን ያሳብቅበታል። ማን ሊያይ ሄደ? ሊታይ ነው እንጂ።

እኔም እንዲህ ካሉት ኋላ ቀሮች አንዱ ነበርኩ። ባለፈው ነሐሴ የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ከፍራንክፈርት ወጣ በልና አየር ቀይር፤ ትኬቱን እኔ እችላለሁ» ስትለኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያዘልናት ልጅ ለወግ ለማዕረግ በቅታ አጎቷን ግሪክ ደሴት ስትጋብዝ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። የተጋበዝኩት አጎት ስለሆንኩ ሳይሆን እጄ ስለማይንቀጠቀጥ መሆኑን የተረዳሁት እዚያ ከደረስን በኋላ ነው። ፎቶ አንሺ፣ ቦርሳ ያዥና ወረፋ ጠባቂ ሆኜ ለስድስት ቀን ተቀጠርኩ። ደመወዙ ቁርስ ነው።

ከመሄዴ በፊት እንደ ወጉ አንብቤ የሚታዩትን ነገሮች በወረቀት ጽፌ ነበር። በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረው የአክሮቲሪ ከተማ፣ ፊራ ከተማ ያለው ሙዚየም፣ መሬት ለመሬት የሚበቅለው ወይን። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ የሐኪም ማዘዣ እንደሚያነብ ሰው አገላበጠችውና «ይሄ ለፎቶ ይሆናል?» አለችኝ። የእሷ ዝርዝር ያለው ስልኳ ውስጥ ነው። አሥራ አራት ቦታ፣ እያንዳንዱ ከነሰዓቱ፣ ከነልብሱ፣ ከነጫማው። እንዲህ ያለ የሥራ ዲሲፕሊን በየመሥሪያ ቤታችን ቢኖር የት በደረስን!

ሥራ የሚጀመረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። «ሰው ሳይበዛ እንድረስ» ብላ በጨለማ ቀስቅሳኝ ኢያ የምትባለው መንደር ወዳለው ሰማያዊ ጉልላት ገሰገስን። ተመስገን፣ ከእኛ የቀደመው አርባ ሰው ብቻ ነበር። በአገሬ በዚያ ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሰግስ ሰው ኪዳን ሊያደርስ ነው። እነዚህም የገሰገሱት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ያ በዓለም የታወቀው ጉልላት የኦርቶዶክሶች ጸሎት ቤት ጉልላት ነውና። ብቻ ማንም አይገባም። እኛ ደጁን በግንባራችን ተሳልመን እናልፋለን፤ እዚያ ደግሞ ጀርባ ነው የሚያሳልሙት። ፊታቸው ለመቅደስ እንደማይበቃ አውቀው ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ትሕትና የትም አላየሁም። ከጣሪያው ላይ የሚወጡም አሉ። ወደ ሰማይ ለመቅረብ ነው ብዬ በበጎ ተረጎምኩት።

ቀሚሱን ሳልጠቅስ ማለፍ ግፍ ነው። ጅራቱ ብዙ ሜትር የሚረዝም፣ ለሰዓታት የሚከራይ ቀሚስ አለ። ልጅቷ ገደሉ ጫፍ ላይ ትቆማለች፤ ረዳቱ ጅራቱን ወደ ሰማይ ይወረውርና ከፎቶው ውስጥ በሩጫ ይወጣል። ነፋሱ ከደከመ እንደገና ይወረውራል፣ እንደገና ይሮጣል። በፎቶው ላይ የምታዩት የኤጂያን ባሕር ነፋስ አይደለም፤ የዚያ ላቡ የሚንጠፈጠፍ ልጅ ጉልበት ነው። ከእኛ ፊት ቀይ ቀሚስ፣ ከኋላችን ቢጫ፣ ከዚያ ኋላ ደግሞ ሌላ ቀይ ተሰልፏል። የኪራዩን ዋጋ አልጽፍም፤ እህቴ ታነባለች።

ማደሪያችን ዋሻ ነበር። አትሳቁ፣ ዋሻ ነው። የደሴቲቱ ድሆች ድንጋይ የሚገዙበት አጥተው ለስላሳውን የእሳተ ገሞራ አፈር እየፈለፈሉ ይኖሩበት የነበረ ጉድጓድ። ባለጠጎቹ የመርከብ አዛዦች የሚኖሩት ከላይ፣ በተገነባ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1956 ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ መንደሮቹን ካፈራረሰ በኋላ ብዙ ሰው ደሴቲቱን ጥሎ ሄደ። ዛሬ ያው ጉድጓድ ኖራ ተቀብቶ፣ ደጁ ላይ የሞቀ ውኃ ገንዳ ተቆፍሮለት፣ ለአንድ ሌሊት አንድ የወር ደመወዝ ይጠየቅበታል። የእኛ ባሕታውያን ይህን ሁሉ ዘመን ዋሻ ውስጥ በነፃ ሲያድሩ ምን ያህል ገቢ እንዳመለጣቸው ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከአሮጌው ወደብ ወደ ፊራ ከተማ 588 ደረጃ አለ። ኬብል ካር አለ፣ እግርም አለ፤ የአንዳንዶቹ ምርጫ ግን አህያና በቅሎ ነው፤ ኬብል ካር ለፎቶ አያምርማ። ስለ እንስሳቱ ስቃይ ብዙ ጩኸት ከተሰማ በኋላ የግሪክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ደንብ አወጣ። አንዲት አህያ ከ100 ኪሎ ወይም ከክብደቷ አንድ አምስተኛ በላይ አትሸከምም ይላል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ስንል የኖርነው በምሳሌ ነበር፤ እዚያ ዳውላው መነጽር አድርጎ፣ ስልኩን በዱላ ላይ ሰቅሎ፣ «ፈገግ በሉ» እያለ ይወጣል። ያላፈገገችው አህያዋ ብቻ ናት።

የሥራው ሁሉ መደምደሚያ ግን የፀሐይዋ መጥለቅ ነው።

በኢያ ጫፍ የፈረሰ የድሮ ምሽግ አለ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ እኛ ቦታ የያዝነው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይዋ ሥር ቆመን ፀሐይዋን ጠበቅናት። ጎኔ ያለው ሰው ክርኑ ጎድኔ ውስጥ ገብቶ ስለነበር በመጨረሻ ዘመድ ሆነናል። አጥሩ ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ የሰው በረንዳ ላይ፣ እግር የሚያስቀምጥ ሁሉ ቆሟል። እንዲህ እንደታጨቅን እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለች።

«ውይ በሞትኩት! ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምንድን ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«የለም እማዬ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ለማየት ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። «ነገ አትጠልቅም?»

«ትጠልቃለች።»

«ታዲያ ግማሹ ነገ አይመጣም?»

የደሴቲቱ ባለሥልጣናት ለዓመታት ሲመክሩበት የኖሩትን ነገር እናቴ ቡና እያፈላች ፈታችው። መርከቦቹ የሚያራግፉት ሰው በአንዳንድ ቀን እስከ 17,000 ይደርስ ነበር፤ ከንቲባው ከ8,000 እንዳይበልጥ ሲሟገቱ ኖረዋል። የደሴቲቱ ነዋሪ 15,500 ገደማ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2023 የጎበኛት 3.4 ሚሊዮን ሰው ነው።

ከዚያ ጠለቀች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ደግሞ ምን ሆኑ?»

«ስለጠለቀች ነው፣ እማዬ።»

«ስትወጣስ አያጨበጭቡም?»

«ስትወጣማ ሥራ ላይ ነን።»

የአማርኛን አርቆ አሳቢነት ያደነቅሁት በዚህ ጊዜ ነው። ቋንቋችን ፎቶ «መነሳት» ሲል ለካ ነገሩ ገብቶታል። ያ ሁሉ ሕዝብ ፀሐይዋ ልትሰምጥ አንድ ጣት ሲቀራት ተገለባብጦ ጀርባውን ሰጣት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ይነሳል ማለት ይኸው ነው። እኔም ስነሳና ሳነሳ አላየኋትም። ጎኔ የነበረው ዘመዴም አላያትም፤ ጠይቄዋለሁ። ያየቻት እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም በእኔ ስልክ።

ስለ ነዋሪዎቹ እንግዳ ተቀባይነት ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በ2024 የበጋ ግርግር ወቅት አንድ የአካባቢው ሹም ነዋሪው በተቻለ መጠን እንቅስቃሴውን እንዲቀንስ በፌስቡክ መክሮ ነበር። እንግዳ መጣ ተብሎ ሳሎን ሲለቀቅ አውቃለሁ፤ ከተማ ሲለቀቅ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የኢያ ሰዎች በየግድግዳው «የእናንተ ዕረፍት፣ የእኛ ቤት» የሚል መንፈስ ያለው ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ማስታወቂያው ሥር ቆመው ፎቶ የሚነሱ ሁለት ጥንዶች አይቻለሁ። መልእክቱ ደርሷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ በመርከብ የሚመጣ ሰው በግርግሩ ወራት 20 ዩሮ ይከፍላል። ቀሚሱን ለተከራየ ሰው ይህ ምን አላት።

አራተኛው ቀን ላይ ልጅቷ ፎቶ ስታቀልምና ስትቆርጥ ልትውል ስትቀመጥ፣ ወረቀቴን ይዤ ሹልክ አልኩ። አውቶቡስ ይዤ አክሮቲሪ ገባሁ። ጣሪያ ተሠርቶለት በእንጨት ድልድይ ላይ እየተሄደ የሚታይ ከተማ ነው። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራው ደሴቲቱን ከመሐል ቦድሶ ወደ ባሕር ሲጥላት አመዱ ከተማውን ሸፈነው። ፎቁ ሁለትና ሦስት ደርብ ነው፣ የንጣፉ መንገድ ሥር የቆሻሻ መውረጃ ተዘርግቷል። ስፒሪዶን ማሪናቶስ የሚባሉ ግሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1967 ቁፋሮ ጀመሩ። ሬሳ አልተገኘም። ሰዎቹ አስቀድመው ምድር ስትርድ አይተው ጓዛቸውን ይዘው የሄዱ ይመስላል።

ግድግዳቸውን ግን ሥዕል በሥዕል አድርገውት ነበር። ሰማያዊ ጦጣዎች፣ በአበባ መካከል የሚዋደዱ ወፎች። አንድ ራቁቱን የቆመ ወጣት ዓሣ አጥማጅም አለ፤ ሁለት እጁ ሙሉ በተንጠለጠለ ዓሣ። ኋላ ቀርነታቸውን እዩ፤ ሰው እንኳ ሲሣል የሠራውን ይዞ ነው የሚቀርበው! ዛሬ አቴንስ ሙዚየም ባለው ሌላ ሥዕል ላይ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን የዱር እንስሳት አሉ፤ ማሪናቶስ በኛ አዋሽ ፓርክ የሚሮጠው ሳላ ነው ብለውታል፣ አይደለም የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። እኔ እንደ ወገንነቴ ከማሪናቶስ ጋር ነኝ። ምስሉን ፊቴ ቆሞ ለማየት ፈልጌ አቴንስ መሆኑን ስሰማ ቅር አለኝ፤ ከዚያ ትዝ ሲለኝ ሳላውን ራሱን አዋሽ ሄጄ አይቼው አላውቅም።

አዋሽን ካነሳሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌና አካባቢው ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በሌሊት በፒጃማ ደረጃ ሲወርድ ከርሟል። በዚያው ሰሞን፣ በፌብሩዋሪ፣ የሳንቶሪኒ ምድር በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተርገፍግፎ ከ11,000 በላይ ሰው በጀልባና በአውሮፕላን ወጣ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የሁለቱም ምክንያት ከምድር በታች መንገድ የሚፈልግ የቀለጠ ድንጋይ ነው። ይህን ለልጅቷ ጓደኛ ቁርስ ላይ ስተርክላት ዓይኗ በቁጭት ሞላ። «ያኔ ነበር መምጣት፤ መንገዱ ሁሉ ባዶ ነበር እኮ!» አለች። ለሥራ እንዲህ ያለ ቆራጥነት ያስቀናል።

ከአክሮቲሪ ስመለስ ወይኑን አየሁት። ዝናብ ብርቅ፣ ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ገበሬው ሐረጉን መሬት ላይ እያጠማዘዘ እንደ ቅርጫት ይጎነጉነዋል፤ ፍሬው ቅርጫቱ ውስጥ ተሸሽጎ በሌሊት ጤዛ ይኖራል። ከሩቅ ሲያዩት ማሳ ላይ የተረሳ የወፍ ጎጆ ይመስላል። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ለማንሳት ስልኬን አወጣሁና ተውኩት፤ ከቁመቱ ማጠር የተነሳ አጠገቡ የቆመ ሰው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው የሚያጅበው። ሽማግሌው ቀና ብለው አንድ ዘለላ ሰጡኝ። በላሁት። ማስረጃ የለኝም።

ወደ ፍራንክፈርት ስንመለስ አውሮፕላኑ ገና ሳይነሳ ልጅቷ ሥራዋን አቀረበች። ካነሳሁላት 412 ፎቶ አንዷ ተመርጣለች። ምሽጉ ላይ ብቻዋን ቆማ፣ ቀይ ጅራቷ ወደ ሰማይ ተዘርግቶ፣ ከኋላዋ ወርቅ የመሰለ ባሕር። ዙሪያዋን የነበረው ሕዝብ በጣት ተጠርጎ ጠፍቷል፤ የእኔ ዘመድ እንኳ ከነክርኑ የለም። ከሥሩ «ብቻዬን፣ ከራሴ ጋር» ብላ ጽፋለች።

ልብና እሳት ዘነበ። ከዚያ ሁሉ መካከል አያቷ፣ ማለትም እናቴ፣ በአንድ ጣት እየለቀመች የጻፈችው አስተያየት አለ።

«ብቻሽን ከሆንሽ ማን አነሳሽ የኔ ልጅ?»

ሦስት ወር ሆነው፤ መልስ የሰጣት የለም።