ልጆቻችንን በባዶ ኪስ አንሸኝ

የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ዛሬ የምናገረው ቢመርም እስከ መጨረሻው አድምጡኝ።

ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ሳነሣ ዓመታት አልፈዋል። ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪዎችን ሲጠሩ እኔ ዘንድ የሚሆነውን ልንገራችሁ። እናት ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ፣ ልጇን አስከትላ ትገባለች። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያለው ትራንስክሪፕት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት፣ ሁሉም ከነኮፒው፤ በዚያ ላይ ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶግራፍ። ፎቶው ገና አልተነሣም። በአንደኛው ወረቀት ላይ የአባት ስም በሌላ ፊደል ተጽፏል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ አውቶቡሱ ንጋት ላይ ይነሣል። ልጁ ጥግ ይዞ መሬት መሬት ያያል። እዚያው ቤት ግን ትናንት በግ ታርዷል፤ ጎረቤቱ መርቋል፣ ዱዓው ተደርጓል።

ለምን ደገሳችሁ አልልም። በ2015 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2014 ጦርነቱ ከደጃችን ደርሶ የትምህርት ቤት በር ተዘግቶባቸው የነበሩ ልጆች ለዚህ ሲበቁ እልል ማለት ይገባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከሽኝቱ ማግስት ጀምሮ ያለው ነገር ነው። ለአንድ ቀን የሚወጣው ገንዘብ ቤት ያናጋል፤ ለመጪዎቹ አሥር ወራት ግን አንድ ሰው እንኳ ሒሳብ ይዞ አልተቀመጠም።

«መንግሥት ያበላዋል፣ ያስተኛዋል» ትላላችሁ። እውነት ነው። ሳሙናውንስ? የሃንድአውት ኮፒውን፣ የኢንተርኔቱን፣ የበዓል መሳፈሪያውንስ? ሴት ልጅ ከሆነች በየወሩ ሞዴስ ያስፈልጋታል፤ ይህን ደግሞ አባቷን ጠርታ አትጠይቅም። የኮምቦልቻን ሙቀት የለመደ ልጅ ደብረ ብርሃን ተመድቦ በአንድ ስስ ብርድ ልብስ ውርጩን ሲጋፈጥ፣ እናንተ እዚህ ሆናችሁ የምታውቁት ነገር የለም። «የእኛማ እዚሁ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው» የምትሉ የደሴ ሰዎችም አትዘናጉ። በየሳምንቱ በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት የሚወርድና የሚወጣ ልጅ የታክሲው ብቻ ስንት እንደሚሆን ደምሩት። ምሕንድስና ደግሞ በአራት ዓመት አያልቅም፤ አምስት ነው።

ሌላም አለ። አንድ አባት በቅርቡ እኔ ቤት መጥተው «ልጄ ወጪ መጋራት ፈረምሁ ይለኛል፤ ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ። ልጃቸው ሦስተኛ ዓመት ነው! ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የሚሠራበት ነገር ነው፤ ተማሪው በየዓመቱ የሚፈርመው ውል ነው። የሚበላውና የሚያድርበት ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉ፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ዕዳ ነው፣ ወገኖቼ። የሚያስደነግጥ ዕዳ አይደለም፤ ያለ እሱ የብዙዎቻችን ልጆች ባልተማሩ ነበር። ነገር ግን አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ምን እንደሚፈርም ከእናንተ ጋር ሳይነጋገር መፈረም የለበትም።

የክፋቱ ሥር ግን ዝምታችን ነው። ልጁ እንዳይሳቀቅ ብለን የቤቱን ገቢ እንደብቀዋለን፤ «አንተ ተማር እንጂ ስለ ብር አታስብ» እንለዋለን። እሱም በተራው ይደብቀናል። ስንደውል «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም» ይላል። የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ እያለን ኅዳር ላይ ስልኩን ሸጠ። ምን ሊገዛበት? ጫማ። እናቱ ስልኩ ለምን እንደማይነሣ የገባት ለገና ሲመጣ ነው። ለሽኝቱ የታረደው በግ ዋጋ ያንን ጫማ ደጋግሞ ይገዛ ነበር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት አያቶቻችን ይህንኑ ነበር የሚነግሩን።

እቁብ የምትጥሉ ሰዎች ናችሁ። ለልጅ ሰርግ እቁብ የሚገባ ሰው ለልጅ ትምህርት መግባት እንዴት ይከብደዋል? ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ጀምሩት። በስሙ የባንክ ደብተር አውጡለት፤ ትንሽም ብትሆን በየወሩ ቀኗን ሳትስት ትግባለት። አንድ ጊዜ ረብጣ ሰጥቶ ስድስት ወር ከመርሳት ይህ ይሻለዋል። በዚህ ቅዳሜ ከቡና በኋላ ልጃችሁን አስቀምጡና ያለውንም የሌለውንም አሳዩት፤ እስክሪብቶውን እሱ ይያዝ። ወረቀቶቹንም አሁን፣ ትምህርት ቤቱ ክፍት ሳለ፣ ስም በስም አመሳክሩ።

ከሄደ በኋላም ደውላችሁ «ደህና ነኝ» ሲላችሁ ስልኩን ቶሎ አትዝጉ። ሳሙና አለህ ወይ፣ ትናንት ማታ ምን በላህ፣ ጫማህ ውሃ ያስገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁት።