ቁጠባው ከየት ይመጣል?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ ትንሽ ከተማ የእሳት አደጋ መከላከል አገልግሎቷን ለግል ድርጅት በኮንትራት ብትሰጥ ወጪዋ ይቀንሳል ይላል። ሊቀንስ ይችላል፤ ግን ከምን ላይ ተቀንሶ? የዚህ አገልግሎት ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው፤ ቁጠባው የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁጥር ነው። ሁለት ሰዎች ቱቦ እየጎተቱ ጭስ ወዳፈነው ቤት ሲገቡ፣ ሌሎች ሁለት ጭንብላቸውን አዘጋጅተው በሩ ላይ መቆም አለባቸው። የገቡት ቢወድቁ ማን ያወጣቸዋል? መኪናው ሦስት ሰው ብቻ ይዞ ከደረሰ፣ ውስጥ ልጅ እየጮኸ ወይ ተጨማሪ ኃይል ሊጠበቅ ነው፣ ወይ በሩ ላይ በቂ ሰው ሳይቆም ሊገባ ነው። ይህን ሳስብ አንጀቴ ይቃጠላል።

የግል ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። በዴንማርክ ፋልክ የተባለው ድርጅት ብዙ ማዘጋጃ ቤቶችን ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል። በአሜሪካዋ አሪዞና ግን የስኮትስዴል ከተማ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በግል ድርጅት ስትገለገል ኖራ፣ ድርጅቱ እንደማይቀጥል ሲያስታውቅ እ.ኤ.አ. በ2005 የራሷን መምሪያ አቋቁማለች። እሷ አቅም ነበራት። ጣቢያዋንና መኪናዋን የሸጠች ትንሽ ከተማ ግን ምን ይዛ ትጀምራለች? ውሉ የግድ ከሆነ ጣቢያውም መኪናውም የከተማዋ ንብረት ሆነው ይቆዩ፤ በእያንዳንዱ ፈረቃ የሚገኘው የሰው ብዛትም በውሉ ላይ ይጻፍ።