ማስተካከያ፦ ስታንፎርድ ለአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች ስኮላርሺፕ ይሰጣል

ሰሞኑን «ስታንፎርድም እንደ ሃርቫርድና ዬል የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም» የሚል መረጃ ሲዘዋወር ነበር። ልክ አይደለም። የማይሰጡት ሃርቫርድና ዬል ያሉበት የስፖርት ሊግ፣ የአይቪ ሊግ፣ ስምንቱ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ስታንፎርድ ከነሱ ውስጥ የለም፣ ለአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። አሰልጣኙ ልጁን የቱንም ያህል ቢፈልገው፣ ተማሪ የሚቀበለው ቢሮ በትምህርቱ ካላመነበት አይገባም። ስለዚህ ምርጫው ይጠባል፣ ፍለጋውም መላ አገሪቱን ማካለል አለበት። ግን በዚህም አሸናፊ ቡድን መገንባት ይቻላል! በ2006 ከ12 ጨዋታ 1 ብቻ ያሸነፈው የስታንፎርድ ቡድን፣ አሰልጣኝ ጂም ሃርቦ ከያዘው በኋላ በ2010 የውድድር ዘመን ከ13ቱ 12ቱን አሸንፏል። ይህን ለውጥ «ዴቪድ ሾው ነው የጀመረው» የተባለውም ይታረም፤ ሾው በ2011 አሰልጣኝነቱን ተረክቦ ነው ያስቀጠለው፣ ታዋቂውን የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ ሮዝ ቦውልንም ሁለት ጊዜ አሸንፏል።