እርማት፦ «የባሕር ኮምፔንሳቶ አይበሰብስም»?
ለሸራ ጀልባ የውስጥ በር የተሰጠውን ምክር አየሁት። «በሩ የባሕር ኮምፔንሳቶ ስለሆነ አይበሰብስም፤ ፊትና ጀርባውን ቫርኒሽ ቅባና እርሳው» ይላል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም።

የባሕር ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ንጣፎች በኮላ ተደራርበው የተሠራ ሰሌዳ ነው፤ ውሃ የሚችለው ኮላው ነው። እንጨቱ ያው እንጨት ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ካልሆነ ለፈንገስ ይጋለጣል። ውሃው ደግሞ በብዛት የሚገባው በፊቱ ሳይሆን በጠርዙ ነው፤ በተለይ ማንም ጎንበስ ብሎ በማያየው በታችኛው ጠርዝ። የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ ውሃ ይመጥጣል። የማጠፊያው የብሎን ቀዳዳም እንዲሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ በሩን ንቀለውና በደንብ ይድረቅ። እርጥብ እንጨት ላይ መቀባት እርጥበቱን ውስጥ መቆለፍ ነው። የበሰበሰውን ፍቀህ አውጣ። የተላቀቀ ንጣፍ ካለ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) አስገብተህ በሞርሳ እሰረው። በሞርሳውና በበሩ መሃል ፕላስቲክ አድርግ፤ አለዚያ ሞርሳውም አብሮ ይጣበቅልሃል! ከዚያ አራቱንም ጠርዞችና የብሎን ቀዳዳዎቹን ቀጠን ባለ ኢፖክሲ ደጋግመህ አጠጣ።

በመስኮት ፀሐይ የሚያገኘው በር ከሆነ ከላይ የፀሐይ መከላከያ ያለው ቫርኒሽ ያስፈልገዋል። ኢፖክሲ ብቻውን ፀሐይ አይችልም።