«ስድስት ልጅማ እኔም ቤት አለ»

የንባብ ድጋፍ ጥናቴን ካቀረብኩበት የኮንፈረንስ አዳራሽ አሁን ነው የወጣሁት። ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉት።

ፕሮግራሙ ላይ 15 ደቂቃ ተብሎ ታትሟል። ከኔ በፊት የነበሩት አቅራቢ ሰዓታቸውን ጨርሰው የኔንም ሲበሉ ሰብሳቢው ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቅላቸዋል። ተራዬ ሲደርስ «እባክሽ በ7 ደቂቃ አጠቃልይልን፣ እረፍት ደርሷል» አለኝ። ሌላው ያባከነውን ሰዓት እኔ ልክፈል? እሺ። የጥናት ዘዴውን የሚያስረዱትን ስላይዶች ዘልዬ ሮጥኩ።

ከዚያ አንድ አንጋፋ ምሁር ማይኩን ተቀበሉ። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» አሉ። ይህን የሚል ሰው በጎ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

«የኔ ልጅ፣ ናሙናሽ ስንት ነው?»

«ስድስት ተማሪዎች ናቸው፣ ፕሮፌሰር።»

«ስድስት መቶ?»

«አይደለም፣ ስድስት።»

አዳራሹ ሳቀ። «ታዲያ ፒ ቫልዩው የታለ?» አሉ፤ ውጤቱ የአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን ለመመዘን በስታቲስቲክስ የሚሰላውን ቁጥር ማለታቸው ነው። «ዲዛይኑ እኮ...» ብዬ ስጀምር «ስድስት ልጅማ እኔም ቤት አለ!» ብለው ማይኩን መለሱ። ሰብሳቢው ራሱ እየሳቀ «ሰዓታችን አልቋል» አለ። አለቀ። መልስ የለ፣ ምን የለ።

እንድመልስ ቢፈቀድልኝ ግራፉን አሳያቸው ነበር። ስድስቱ ልጆች የንባብ ድጋፉን የጀመሩት በተለያየ ሳምንት ነው። በደቂቃ በትክክል የሚያነቧቸው ቃላት፣ ድጋፉ እስኪጀመር ድረስ መሬት ለመሬት ይሄዳሉ። የመጀመሪያዋ ልጅ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ የሌሎቹ ገና እዚያው ናቸው። ሁለተኛው የሚነሳው የራሱ ሳምንት ሲደርስ ነው። ሦስተኛውም እንዲሁ። ለውጡ የመጣው ልጆቹ ስላደጉ ወይም መምህሩ ስለተቀየረ ቢሆን ኖሮ ሁሉም አንድ ላይ ይነሱ ነበር። ማስረጃው ይሄ ነው! አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ጥናቶችን ሲመዝን የኖረው ዋት ወርክስ ክሊሪንግሀውስ የተባለው ፕሮግራም እንኳ በእንዲህ ዓይነቱ ዲዛይን የድጋፉ ውጤት ቢያንስ በ3 የተለያዩ ጊዜያት እንዲፈተሽ ነው የሚጠይቀው። እኔ ስድስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ።

ደግሞ ሙያችን ራሱ፣ የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና፣ በስንት ልጅ ተጀመረ? እ.ኤ.አ. በ1896 አንዲት መምህርት ቃላትን ፊደላቸውን ሳይሳሳት መጻፍ ያቃተውን አንድ ልጅ ይዛ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ባለሙያው ላይትነር ዊትመር ዘንድ ሄደች። በአንድ ልጅ! ያኔም «ናሙናሽ ስንት ነው?» ብሎ የሚመልሳት ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይሄ ኮንፈረንስም ባልኖረ።

እነዚያ ስድስት ልጆች ለኔ ነጥብ ብቻ አይደሉም። የእያንዳንዱን ወላጅ ፈቃድ ለማግኘት ስንት በር አንኳኩቻለሁ። አንዷ አንብቢ ስትባል ገጹን በመዳፏ ትሸፍን ነበር። መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ከእጄ ቀምታ ነው ያነበበችልኝ። ሰዎቹ የሳቁት በእሷ ጭምር ነው፤ ይሄ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

የሌላው ጊዜም ትዝ አለኝ። ፖስተሬን ከበሩ ጀርባ ሰቅለውት ነበር። በሩ ሲከፈት ይሸፈናል። በሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር። ለመጽሔት የላክሁትን ጽሑፍ የሚያዩት ገምጋሚዎችስ? አንዱ «ዘዴው በዝርዝር ይብራራ» ይላል፣ ሌላው «ጽሑፉ ይጠር» ይላል። ሁለቱንም አድርጊ ብሎ የሚልክልሽ ደግሞ የመጽሔቱ አዘጋጅ ነው። ኧረ ምን ይሻላል?

ይኸው አሁን ደግሞ የግብረ መልስ ቅጽ ላኩልኝ። «የሰዓት አጠቃቀሙን እንዴት አገኙት?» ይላል፣ ከ1 እስከ 5። ከሥሩ የአስተያየት ቦታ አለ። ስሜን ጽፌ፣ ግራፉን አያይዤ፣ ያስቋረጡኝን መልስ በሙሉ እዚያ አሰፍርላቸዋለሁ።