ዙሩን ከፒያሳ ጀምሩት

ጎንደር ላይ ቤተሰብ ሳይነሳ ፋሲል ግንብን፣ የፋሲል መዋኛን፣ ዳገቱ ላይ ያለውን ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንንና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን በአንድ ሩጫ አዳርሱ የሚለው ምክር እንዳለ ቢወሰድ ያደክማል እንጂ አያስጎበኝም። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ሰው በሰዓቱ ሳይሆን በትንፋሹ ይሩጥ፣ ማውራት ካቃተው ፈጥኗል ማለት ነው።

ከጧቱ 12 ሰዓት ከፒያሳ ተነሱ። እስከ ፋሲል መዋኛ ያለው 2 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቁልቁል ስለሚወስድ እግር ሳይታወቅ ይፈጥናል፤ ቁስቋም ዳገት ላይ የሚያስቆመው ይኸው ፍጥነት ነው። መዋኛውን አልፋችሁ ቁስቋምን በአጭር እርምጃ ውጡ፣ ስትመለሱ መዋኛው በር ላይ ጨርሱ። ቤተሰቡ በባጃጅ እዚያው ይድረስ። ገንዳው ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ ልጆቹ ዋና እንዳይጠብቁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። የመዋኛውን የግንብ አጥር ጥግ ጥግ የያዙት የዛፍ ሥሮች ግን ያስደንቋቸዋል!

ኮብልስቶን ጤዛ ሲነካው ያንሸራትታል፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ። ውሻ ከተነሳባችሁ ሩጫውን አቁማችሁ ተራመዱ።

ሥላሴን ከሩጫው አውጡት። በቁምጣና በላብ አይገባም፤ ከሰዓት በኋላ ነጠላ ይዛችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ፣ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ከልጆቹ ጋር ቀና ብላችሁ እዩ።