ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር የመዋጮ ደብተር

ለ፦ ክቡር የመዋጮ ደብተር፣ ባለ 50 ሉክ
አድራሻ፦ የገንዘብ ያዣችን መሳቢያ፣ ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ትንፋሽ እንዲሰጡን ስለመጠየቅ ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? የእኛን ከጠየቁ ከኪሳችን በቀር ደህና ነን።

እኔን አያጡኝም። ስሜ 7ኛ ተራ ላይ ነው። 14 ሠራተኞች ባሉት በዚህ ትንሽ ድርጅት የሒሳብ ክፍሉ እኔ ነኝ። ክፍሉ ማለት እኔና አንድ ካልኩሌተር ነን። ለአንዲት እስክሪብቶ ግዢ እንኳ መጠየቂያ ፎርም፣ ደረሰኝና ሦስት ፊርማ አስመጣለሁ። እርስዎን ግን ደረሰኝ ጠይቄዎት አላውቅም። በዚህ ቢሮ ኦዲተር የማይገልጠው ብቸኛ ሰነድ እርስዎ ነዎት።

አመጣጥዎ ይደንቀኛል። ኮቴ የለዎትም። ሰው ከደብረ ብርሃን የጠዋት ቁር ጋር ታግሎ፣ ሻርፑን ከአንገቱ ሳይፈታ፣ እጁን እያሻሸ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ይጠብቁታል። እስክሪብቶው መሃልዎ ላይ ተጋድሟል። ሽፋንዎ ላይ ያለው ኳስ ተጫዋች ፈገግ ብሏል። እሱ ምን አለበት፣ አይከፍል።

አምዶችዎ አራት ናቸው፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የብር መጠን፣ ፊርማ። "አቅም" የሚል አምድ የለዎትም። 1ኛ ላይ ሥራ አስኪያጃችን ጋሼ ናቸው። 500 ብለው በደማቁ ይጽፋሉ። ከዚያ ወዲያ 300 ብሎ የሚጽፍ ጀግና አልተወለደም። 500፣ 500፣ 500 እየተባለ 14ኛ ላይ ይደረሳል። 14ኛው ጥበቃችን አባባ ናቸው። አንድ ቀን "አባባ፣ እርስዎ ቢቀርብዎት ማን ይናገርዎታል?" አልኳቸው። "ተው ልጄ፣ ከሰው ፊት ማነስ ይከብዳል" አሉና 500 ጻፉ። የጋሼንም የአባባንም ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኝ። ልዩነቱን አውቀዋለሁ። እርስዎ ፊት ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። እኩልነት የሚባለውን ነገር እንደ እርስዎ በተግባር ያሳየን የለም።

ለልቅሶ ሲዞሩ አልናገርም። ለልቅሶ ሌሊትም ቢሆን ያንኳኩ። ለአራስ ጥየቃም ምንም አልልም። የእኔ ቅሬታ ሆድን የተመለከተ ነው።

በዚህ በኩል የራስዎ ባሕረ ሐሳብ አለዎት። መስከረም 1 ለእንቁጣጣሽ ዞሩ። 14 ሰው በ500፣ 7,000 ብር። የቀረበልን አንድ ድፎ ዳቦ፣ ለስላሳ፣ ፈንዲሻና አንድ እቅፍ አደይ አበባ ነው። አደይ አበባው ከግቢያችን ጀርባ የተቀጠፈ ነው። የቀረው ብርስ ብል "ለመስቀል ዞሯል" ተባልኩ። ለመስቀል ግን እርስዎ ራስዎ እንደገና ዞሩ። ከእንቁጣጣሽ የዞረው ብር የት እንደዞረ እስካሁን ዞሮብኛል።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ያርፋሉ ብዬ ነበር። "የጾም ቡና" ብለው መጡ። ለገና "ዶሮ ወጥ፣ በሸኖ ለጋ ቅቤ" ብለው አስጻፉን። ቅቤውን ፈልጌ አጣሁት። ዶሮዋ አንድ ነበረች። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 14 ከፋይ፣ 13 በላተኛ፣ 12 ብልት። ከፍሎ ያልበላው ሙስሊም ባልደረባችን ነው። ለስላሳውን ጠጣ። ብልት ያልደረሰው 13ኛ በላተኛ እኔ ነኝ። እንቁላል ደረሰኝ። (በነገራችን ላይ ይኸው ባልደረባችን በዒድ ማግስት ከቤቱ ሳምቡሳና ቴምር ጠቅልሎ አምጥቶ ለሁላችን አደለ። እርስዎን ማንም አልጠራዎትም። የሚጎድል ነገርም አልነበረም።)

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለቅበላ ዞሩ። ገብቶ ለስልጆና ለሱፍ ፍትፍት ዞሩ። 55 ቀን አልቆ ሲፈታ ለቅርጫ ዞሩ። በነሐሴ ጭቃ ደግሞ ለቡሄ ሙልሙል አስከፈሉን። ሙልሙል እኮ ልጆች ደጅ ላይ ጨፍረው የሚሰጣቸው ዳቦ ነው! እኛ ከፈልንበት፣ ጭፈራውም ቀረብን።

ይሄ ሁሉ ይቅር። የሚከነክነኝ የእሸቱ ነገር ነው።

ሹፌራችን የመንዝ ልጅ ነው። ካቻምና በጥቅምት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከእናቱ ቤት ሲመለስ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የባቄላ እሸት ይዞ መጣ። ማንም አላዘዘውም። ኮሪደሩ ላይ ዘረገፈው። ወዲያው ሁሉም ከየክፍሉ ወጣ። ጋሼ ክራባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ቁጢጥ ብለው ፈለፈሉ። ጋሼ ቁጢጥ ማለት እንደሚችሉ ያወቅነው ያን ቀን ነው። ተላላኪያችን የቀረውን ከነልጣጩ ቀቀለችው። አባባ ልጅ ሳሉ ማሳ ሲጠብቁ የዝንጀሮ መንጋ እንዴት እንደተጫወተባቸው አወሩን። አንዱ ዝንጀሮ ከፊት እያሳየ ያሯሩጣቸዋል፣ ሌሎቹ ከኋላ ገብተው እሸቱን ይጨርሱታል። እያወሩ ከእኛ ይልቅ የሳቁት እሳቸው ነበሩ። የደመወዝ መዝገቤ መሃል እስከ ዛሬ የደረቀ የባቄላ ልጣጭ አለ። ማን ስንት እንደበላ የጻፈ የለም።

ከዚያ አንድ ሰው "ይሄን ነገር በየዓመቱ ለምን አናደርገውም?" አለ። ያኔ መሳቢያ ውስጥ ሆነው ጆሮዎን አቁመው ይሰሙ ነበር።

አምና ጥቅምት ላይ መጡ። ከላይ "የእሸት ፕሮግራም" ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። በነፍስ ወከፍ 200 ብር። ኮሚቴ ተቋቋመ። እሸቱ ከገበያ ተገዛ። ግማሹ እሸትነቱን ትቶ ባቄላ ሆኗል። በሳህን ተለክቶ ታደለን። ሁላችንም በየጠረጴዛችን ሆነን፣ ኮምፒውተር እያየን በላን። ሹፌሩ 11ኛ ላይ አለ፦ 200 ብር፣ ፊርማ አለው። "ዘንድሮ ከእማማ ቤት አላመጣህም?" አልኩት።

"እንዴ! ከፍያለሁ እኮ" አለኝ።

አንተ ደብተር፣ ትንሽ እንኳ አታፍርም? ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠኝ።

ይህ ልጅ እኮ ድሮ ወደ ሸዋሮቢት ዕቃ ሊያደርስ ሲወርድ ፓፓያ ሳይዝልን አይመለስም ነበር። ደብረ ሲና ላይም ቆሞ ቆሎ ይገዛልን ነበር። አሁን ቆሎ ሻጮቹ ወደ መኪናው ሲሮጡ መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል አሉ። ምን ያድርግ፣ "የቡና ቁርስ" በሚል 50 ብር አስፈርመውታል።

ወደ ቅርጫው ልምጣ። ቅርጫ እርስዎ ሳይፈጠሩ የነበረ ነገር ነው። በሬው ይታረዳል። ከየብልቱ በየመደቡ ይደረጋል፤ ከሻኛውም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከአጥንቱም። ከዚያ አንዱ ቁልፉን፣ ሌላው ሳንቲም፣ ሌላው ክብሪቱን ያዋጣል። የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። ክብሪትህ ያረፈበት ያንተ ነው። ዕጣ የደመወዝ እርከን አያውቅም።

ባለፈው ፋሲካ በሬያችን የጅሩ ሰንጋ ነበር። ድርሻዬ የደመወዜን ሲሶ ወሰደ። አልቆጨኝም፤ ጅሩ ጅሩ ነው። ከቅዳሴ መልስ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ቆምን። ከአፋችን ጭስ ይወጣል። 13 ሰው፣ 13 መደብ። ዕጣው ሊጣል ሲል ግን መደቡን ብቆጥር 12 ነው። አንዱ ቀድሞ ፌስታል ውስጥ ገብቷል።

"የማነው?"

"የጋሼ። እሳቸው የሌሊት ብርድ አይችሉም።"

ይሁን። ሻኛውም በሙሉ አብሯቸው ገብቷል። እሱም ብርድ አይችል ይሆናል። ጉበቱ "ለኮሚቴው የድካም" ተብሎ ሄደ። ቆዳውን የሚወስድልን ሰው ስለጠፋ እሱ ብቻ በእኩልነት ለሁላችን ተረፈ። ቤት ስገባ ባለቤቴ መደቤን አገላብጣ አየችና "በሬው እግር ብቻ ነበረው እንዴ?" አለችኝ። የጾም መፍቻችን ይኸው ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ ለልቅሶውና ለአራሱ ይኑሩልን፣ እሸቱን ግን ይተዉልን የሚል ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ከጀርባዎ በገነጠልኳቸው አራት ሉኮች ላይ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ከፍዬ የራሴን መደብ ወሰድኩ ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ገንዘብ ያዣችን እትዬ ለገና ሊያዞሩዎት ሲገልጡዎት ሉክ አልቆብዎታል። ደስ አለኝ። ደስታዬ ቡና እስኪፈላ አልቆየም። ከፕሪንተሩ አንድ ነጭ ወረቀት መዘዙና አራት አምድ አሰመሩበት። ከላይ "ለአዲስ ደብተር መግዣ" ብለው ጻፉ። ጋሼ 100 ብር ብለዋል። 14 ሰው በ100፣ 1,400 ብር። የተረፈው ለገና ይዞራል።

ከሰላምታ ጋር፣
ተራ ቁጥር 7
100 ብር
(ፊርማ አለው)